ፓወር ሰፕላዩን የፈተንኩበት ሚካኤል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሱቅ ጎራ ስል ኮምፒውተሯን ከፍታ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ፕሮሰሰሩን በፈጣን ቀይራው፣ ኃይል የሚያድለው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ይችለው እንደሆነ በፕሮግራም እያስጨነቀችው ነው። እኔ ይህን ፈተና በወጣትነቴ ያለ ፕሮግራም ፈትኜ ወድቄበታለሁ።

ብቸና ላይ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ የከፈትኩ ሰሞን ኮምፒውተሬ አንድ ካርድ ከፍቶ እስኪያሳይ ደንበኛ ገበያ ደርሶ ይመለስ ነበር። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ሞጣ ሄጄ ፈጣን ፕሮሰሰር ገዛሁ። ሻጩ ሙላት፣ «ወንድሜ፣ ፓወር ሰፕላይህ ትንሽ ነው፤ ትልቁንም ውሰድ» አለኝ። ለአንድ ዕቃ የመጣን ሰው ሁለት አሸክሞ መላክን እኔም አውቅበታለሁና ሳቅሁበት።

ግን ልቤ አላረፈም። ደንበኛ በሌለበት ቀን ልሞክረው ብዬ፣ ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁ። የሠርግ ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ፕሪንተሩንም አስነሳሁ። እስኪመሽ ንቅንቅ አላለም። ሙላትን አሸነፍኩት ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የልጃቸውን የሠርግ ካርድ ሊያሠሩ መጡ።

«ለገበያ ቀን ካላደረስክልኝ ሞጣ አሳትማለሁ» አሉኝ። እሳቸው ሞጣ ካሳተሙ ብቸና በሙሉ ተከትሏቸው ይሄዳል።

ጀመርኩ። የሙሽሪት ስም አለቀ። የሙሽራው ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም። አስነሳሁት፤ እዚያው ስሙ ላይ ደግሞ ጠፋ።

«ሙሽራውን አልወደደውም እንዴ?» አሉ እትዬ።

በሦስተኛው ቀና ስል አምፖሉም ደብዝዟል፤ ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው እየተነሳ ያጓራል። ያኔ ገባኝ። ወፍጮው ሲነሳ የመብራቱን ኃይል ይሻማል፤ እትዬ ደግሞ በሚካኤል ወፍጮ አያስነሱም። እኔም ፓወር ሰፕላዬን የፈተንኩት ወፍጮው በዓል በሚያከብርበት ቀን ነበር።

«እትዬ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ወፍጮውን ቢያቆሙልኝ?»

«የሠርጌን ጤፍ አንተ ትፈጭልኛለህ?»

በነጋታው በግንደወይን መንገድ አቧራ ታጥቤ ሞጣ ገባሁ። ሙላት ሲያየኝ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። «አላልኩህም?» አላለም፤ ዋጋው ላይ ጨመራት እንጂ።

ትልቁን ገጥሜ እትዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ወፍጮውን ያስነሱልኝ።»

«ትናንት አቁሚ፣ ዛሬ አስነሺ። አንተን የነካህ ነገር አለ?»

አስነሱት። አምፖሉ ደበዘዘ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም። ወፍጮውን አስጠፍቼ ደግመው እንዲያስነሱት አደረግኩ፤ እህል ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ረገሙኝ። ካርዱ ትኩሱን ሲወጣ እትዬ ወደ ብርሃኑ አቅርበው የሙሽራውን ስም ፈለጉ።

«ታረቁ ማለት ነው» አሉ። ለገበያውም ደረሰላቸው።

የልጄ ፕሮግራም ፓወር ሰፕላዩ ማለፉን ነግሯታል፤ እሰየው ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ሙላት ነው። ሻጭ ሆኖ እውነቱን ነበር የነገረኝ። ኋላ እኔም የኮምፒውተር ዕቃ ስሸጥ ይህን ታሪክ ለስንቱ ደንበኛ አውርቻለሁ፤ በመጨረሻ «እንግዲህ ትልቁን ውሰዱ» ስላቸው ግን ሁሉም እንደኔ ይስቃሉ።