ጨብጥ ነው ተባለ

ሽንቴ ያቃጥለኝ የጀመረው ከወሎ ሳልወጣ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ "ብርድ ነው፣ ይለቅሻል" እያለች ከእምብርቴ በታች በሞቀ ጨርቅ ትተኩሰኝ ነበር። ይለቀኛል፤ ከርሞ ደግሞ ይመጣል። አራዳ ገበያ አቡጀዲ ለሚሸጥ ነጋዴ ተድሬ አዲስ አበባ ስገባ ግን ጭራሹን አልለቀኝ አለ።

የምንኖረው ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ባንድ ግቢ ነው። ከጓሮ ገና ከመመለሴ ሽንቴ እንደገና ይመጣል፤ ስቀመጥ ጠብታ ብቻ፣ እሱም እንደ እሳት። ውዱእ አድርጌ ለሶላት ስቆም ያመልጠኛል፤ ተመልሼ እታጠባለሁ። ቢቸግረኝ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ያ ደግሞ አባሰው።

አንድ ቀን አማቴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ማነው የሰጠሽ?"

"ምኑን እማማ?"

"ጨብጡን ነዋ! እኔ የማላውቅ መሰለሽ?"

የሴተኛ አዳሪዎቹ ሰፈር ውቤ በረሃ ቅርባችን ነው። የአራዳ ሰው "ጨብጥ ያልያዘው ጎረምሳ ገና ከተማ አልገባም" እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ግን ወላሂ ብዬ ማልኩ፤ የሰማኝ የለም። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ማደር ጀመረ። እኔን ይጠርጥር ራሱን አላወቅሁም። ያስፈራኝ አለመጠየቁ ነው።

አማቴ ካንድ መድኃኒት አዋቂ የተክል ሥር አምጥተው፣ ወቅጠው አጠጡኝ። ከዚያ ወዲያ ሽንቴ ደም ሆነ። ጎኔን እንደ ጦር ይወጋኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ የሞቱ ዘመዶቼን ስም እየጠራሁ እቃዣለሁ። ባለቤቴ ይህን ሲያይ በበቅሎ ጭኖ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

ሐኪሟ ሸበቶ ሴት ነበሩ። አስተርጓሚው ወንድ ስለሆነ ከመጋረጃ ጀርባ አቆሙት፤ አማቴ ከእኔ ጋር ገቡ። ሐኪሟ መርምረው ሲጨርሱ ቀስ ብለው ተናገሩ። አስተርጓሚው ግን ገበያ መሃል እንዳለ ሰው ጮኸ፦

"ጨብጥ አይደለም ይላሉ! የተፈጥሮ ነው! የሽንት መውጫዋ ከሌላው ሴት ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ ጠባብም ነው። ሽንቱ አልቆ ስለማይወጣ ይቆጣል። ወደ ኩላሊት ከወጣ ይገድላል!" ከዚያም "ነፍሰ ጡርም ናት" አለ።

ሐኪሟ የሽንት መውጫዬን በቀጭን ብረት አሰፉልኝ። ጩኸቴ ውጭ ድረስ ተሰማ። ትኩሳቱ በረደ፤ ሐኪሟ ግን ሊመለስ እንደሚችል አስጠነቀቁኝ።

ስንመለስ ስሜ ጠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አማቴ ግን ግቢያችን እንደገባን እኔንና ልጃቸውን አስቀመጡን።

"የሰማነው እዚሁ ይቀበር። ለጠየቀ ሁሉ ጨብጥ ነው፣ ልጄ ነው ያስያዛት እላለሁ።"

"እማማ፣ የልጅዎን ስም?"

"ጨብጥ የያዘው ወንድ ይድናል፣ ይረሳለታል። አፈጣጠሯ ጎደሎ ነው የተባለች ሴት ግን ልጇን ማን ያገባታል? ዘር ነው ይላሉ።" ይህን እያሉ እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ።

ባለቤቴ አቀርቅሮ "እሺ" አለ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ ገና ሳላቅፋት ወደ ብርሃን ወስደው እግሯን ከፍተው ብዙ አዩ። "ደህና ናት" አሉ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ብቻዬን ስሆን እኔም አየሁ። የራሴንም የሌላም ሴት አይቼ አላውቅ፣ በምን ላመሳክር? በሸናች ቁጥር ታለቅስ ይሆን ብዬ ትንፋሼን ውጬ አደምጣለሁ።

ልጄ አላህ ይመስገን ደህና አደገች። እኔን ክረምት በገባ ቁጥር ትኩሳቱ ይጥለኛል፤ አሁን አሁን ጠዋት ስነሳ እግሬ አብጦ አገኘዋለሁ። በቀደም ልጄ እያሸችልኝ፣ ከጎረቤት የሰማችውን ጠየቀችኝ።

"እውነት አባዬ ነው ያስያዘሽ?"

"አዎ" አልኳት።

እጇን ከእግሬ ላይ አነሳች።