ሀፍሷ ጫማ የመረጠችበት ቅዳሜ

ሀፍሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። የበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች ናሙና በወረቀት ጠቅልለው ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚልኩት እሷን ነበር፤ የያዙት ሻይ ሳይበርድ መልሱን ይዛ ከች ትላለች። እናቷ ቡታጅራ ሌላ ትዳር ስትይዝ ከእኔ ከአያቷ ጋር ቀረች። "እማዬ" እያለች አደገች። ፊደል የለየሁት እሷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። እሷ ሁለት መስመር ጽፋ ትነሳለች፣ እኔ ከቆመችበት እቀጥላለሁ።

አሁን ሯጭ ናት። ጠዋት ከክለቧ ጋር ትሠራለች፣ ከሰዓት ከእኔ ጋር በርበሬ ትቀነጥሳለች።

በዚህ ሳምንት አሰልጣኟ ጋሼ ደመቀ ለብቻዋ ጠርተው፣ "ትራክ ላይ የጠበቅነው ሰዓት አልመጣም። ትንፋሽሽ ግን የረጅም መንገድ ነው። ለማራቶን ሴቶች እየመረጥን ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ እሮጣለሁ ካላልሽኝ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ" አሏት። እሺም እምቢም ሳትል መጣች። ከዚያ ወዲህ ትቀመጥና ትነሳለች፣ ምግቡን ታዞረውና ትተወዋለች።

ጫማዋም አልቋል። ያጠራቀመችው ለአንድ ጫማ ብቻ ይበቃል። ቀጭኑ ለፍጥነት ልምምድ ነው፤ ብዙ ወር ይሠሩበታል። ወፍራሙ ስፖንጁ ከፍ ያለ፣ ውስጡ ካርቦን ያለው፣ ለማራቶን ቀን የሚቀመጥ ነው።

"አንዱን ስገዛ ሌላውን መተዌ ነው" አለችኝ። ስለ ጫማ ብቻ እንደማታወራ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶማሌ ተራ ወዳለው የነስረዲን ሱቅ ሄድን። ነስረዲን እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከየጫማው አንድ እግር ብቻ ደጅ ሽቦ ላይ ይሰቅላል፤ ሌላው እግር ቆጥ ላይ ነው። አንድ እግር ጫማ የሚሰርቅ ሌባ የለማ።

"እትዬ ራዲያ፣ ደህና አደሩ? ልጅትዋ ዛሬስ ትገዛለች ወይስ እንደ ሐሙሱ አሽታ ትመለሳለች?"

"አንተ ሽጥ እንጂ አትቁጠርባት" አልኩት።

ሀፍሷ ከሽቦው ላይ የወፍራሙን ግራና የቀጭኑን ቀኝ አውርዳ በየእግሯ አጠለቀችና በሰዉ መሀል ተፈተለከች። ጆንያ የተሸከመ ወዛደር ለጥቂት ሳትገጨው አለፈች።

"እህቴ፣ ከሰረቅሽ አይቀር ጥንዱን ስረቂ" አላት ወዛደሩ፤ መንገዱ ሁሉ ሳቀ።

እያለከለከች ተመለሰች። "ወፍራሙ የሞተ ነው። ስረግጠው መልሶ አያነሳኝም። የቀጭኑን ጥንድ አምጣልኝ።"

ሳምንቱን ሙሉ የተቋጠረው ግንባሯ ተፈታ። እኔ ግን አላማረኝም። የወደደውን ያገኘ ሰው ዓይኑን ከዕቃው አይነቅልም፤ እሷ ቀጭኑን ዞር ብላም አላየችው። ከዕዳ የተገላገለች ነበር የምትመስለው።

ወፍራሙን ጫማ አንስቼ ገለበጥኩት። ፀሐይ የመታው ጎኑ ወደ ቢጫ ሄዷል። ስፖንጁን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ሰነበተ ዳቦ ደረቀብኝ።

"ይሄ ከተሰቀለ ስንት ጊዜው ነው?"

"ከረመዳን በፊት ነው የሰቀልኩት" አለ ነስረዲን።

"ጓደኛውን አውርድልኝ።"

"እትዬ፣ አንድ እኮ ናቸው። ባልና ሚስት ናቸው።"

"ባልየው ፀሐይ ላይ፣ ሚስትየው ጥላ ውስጥ ከርመው እንዴት አንድ ይሆናሉ? አውርደው።"

እያጉረመረመ መሰላሉን ወጣና ቀኙን አመጣው። ሀፍሷ እንደ ነገሩ አጠለቀችው። አንዴ ረገጠችው። ደግማ ረገጠችው። በአንድ እግሯ ነጠር ነጠር አለችና ቀጥ ብላ ቆመች።

"ይሄ ነፍስ አለው" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቶሎ ብላ ጨመረች፤ "ግን ግራው ሞቷል። አንዱ እግር እየነጠረ አንዱ እየተጎተተ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሮጥም። በቃ፣ ቀጭኑን ስጠኝ።"

ስጠኝ ስትል ዓይኗ ወፍራሙ ላይ ነበር።

"ቆዪ እስቲ" አለ ነስረዲን። "ጎረቤቴ ጀማለዲንም ይህንኑ ዕቃ ከእኔ ጋር ነው ያስመጣው። እሱ ደግሞ ሁሌ ቀኝ ቀኙን ነው የሚሰቅለው።" ሱቁን ለእኛ ጥሎ ሄደ። መርካቶ እንዲህ ነው፤ ነጋዴው የጎደለውን ከጎረቤት ሊያመጣ ሲሮጥ ደንበኛው ሱቅ ይጠብቃል። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው መጣ፤ "ባለቤቱ ይመጣል" ብዬ መለስኩት።

ሀፍሷ በካርቶኖቹ መሀል ወዲያ ወዲህ ትላለች። "እማዬ፣ እንሂድ። የእሱ ቁጥር ለእግሬ አይሆንም።"

"ቁጭ በይ።"

አልተቀመጠችም። "ትራክ ላይ ስሸነፍ ቶሎ ያልቃል። እዚያ ግን መሸነፌን አውቄ፣ እሱን ተሸክሜ ስንት ሰዓት ልሮጥ ነው?"

የሳምንቱ ነገር ይህ ነበር። "እኔም አላውቅም ልጄ" አልኳት። "እኔ የማውቀው ያኛውን ስትረግጪ ያየሁትን ፊትሽን ነው።"

ነስረዲን ከጀማለዲን ጋር እየተጨቃጨቀ ተመለሰ። ጀማለዲን ገና ከቆጥ የወረደ ግራ ጫማ ይዟል።

"የሞቱትን ሁለቱን ማን ይወስዳል?" ይላል ጀማለዲን።

"ጥንድ ሆኑልህ አይደል? አንተ ሽጣቸው።"

"ለማን?"

"ለማይሮጥ ሰው።"

ሀፍሷ የነስረዲንን ቀኝና የጀማለዲንን ግራ አደረገች። ልትሞክራቸው ደጅ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ጋሼ፣ ሀፍሷ ነኝ። ማራቶኑን እሮጣለሁ።"

ደጅ አንድ አይሱዙ ጡሩንባውን ይነፋል። ጋሼ ደመቀ አልሰሟትም መሰል፣ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች። "እሮጣለሁ ነው ያልኩት፣ ማራቶኑን። ጫማውንም እየገዛሁ ነው።" በዚህኛው መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ሁለት ጊዜ እሺ፣ እሺ አለችና ስልኩን ዘግታ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

"ምን አሉሽ?"

"'አሮጌውን አሰፍተሽ የፍጥነቱን ልምምድ በእሱ ሥሪ፤ አዲሱን ከውድድሩ በፊት እግርሽ ላይ እንዳላየው' አሉ።"

ማሰሪያውን ለመፍታት ጎንበስ አለች። እሷ ቀኙን ስትፈታ ግራውን እኔ ፈታሁላት።