የአማቴን ጉልበት ያጠፍኩበት ክረምት

አማቴን ከሆስፒታል ወደ እኛ ቤት ያመጣናቸው ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን ነው። ቤታቸው አብነት ነው፤ የግቢው ሽንት ቤት ግን ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። በቀዶ ሕክምና በተተካ ጉልበት ያ አይሞከርም። የእኛ ኮንዶሚኒየም ልደታ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ሆኖ እንደ ወንበር የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ስላለው እዚያ እንዲከርሙ ባለቤቴ ወሰነ። እናቱን የጠየቃቸው የለም።

ጉልበታቸው ለዓመታት አሰቃይቷቸዋል። ቅባቱም ጠበሉም መርፌውም ተሞከረ። በመጨረሻ ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ፣ «እዚህ አጥንቶቹ መሃል ለስላሳ ልባስ ነበር፤ አልቋል። አሁን አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚፋተገው» አለን። ያለቀው ተነስቶ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተተካላቸው። እኔ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከሆስፒታል ስንወጣ ፊዚዮቴራፒስቷ እኔንና ባለቤቴን አቁማ፣ ጉልበቱ በየቀኑ ካልታጠፈ ደርቆ እንደሚቀር ነገረችን። እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ማጠፉ የት ላይ እንደሚቆም አሳየችን። «ያማቸዋል። ቢያማቸውም ታጥፉታላችሁ» አለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ባለቤቴ ጀመረ። እናቱ ሲጮኹ እጁን መነጨቀ። እንደገና ሊሞክር ሲል «ልጄ፣ በማርያም፣ ተወኝ» አሉት። ተነስቶ በረንዳ ወጣ። በመስኮቱ ጀርባውን አየዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ እኔና እሳቸው ቀረን። በትዳር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ደግ ቃልም እንደዚያው። መከባበር ብቻ ነበር። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጫቸው፣ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርጌ፣ ያበጠውንና ከላይ እስከ ታች የተሰፋውን ጉልበት ያዝኩ።

«ልጀምር፣ እማማ?»

«ጀምሪ። አንቺስ ትጨክኚያለሽ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ቃሉ ወጋኝ። ቢሆንም እግራቸውን ቀስ እያደረግኩ ወደ ኋላ ገፋሁ። ጮኹ። «ይበቃል!» ሲሉኝ «ትንሽ ብቻ፣ እማማ» እላለሁ። ስንጨርስ ሁለታችንም በላብ ርሰናል። በፎጣ የጠቀለልኩትን በረዶ ጉልበታቸው ላይ አድርጌላቸው፣ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ክረምቱ እንዲህ ሄደ። በኋላ በኋላ ልጃቸው ለሥራ እስኪወጣ ራሳቸው ይጠብቁ ጀመር። «ይሂድ፤ እሱ ካለ ያመኛል» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ጥርሳቸውን ነክሰው ክንዴን ጨመደዱ። እግራቸውን ስለቅላቸው፣ «እናቴ እንዲህ ነበር የያዘችኝ» አሉ። «የመጀመሪያዬን ስወልድ። ብጮህም አለቀቀችኝም።»

የመጀመሪያ ልጃቸው ባለቤቴ መሆኑን ነበር የማውቀው። ግራ መጋባቴን አዩ።

«ከእሱ በፊት ሴት ነበረች። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ሞተችብኝ። ክርስትና አልተነሳችም።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለሱ ነግሬው አላውቅም።»

«ይንገሩት፣ እማማ።»

በረዶውን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ግን አንድ ማታ ከእራት በኋላ ነገሩት። ባለቤቴ የእናቱን እጅ ያዘ። «ስሟስ?» ብሎ ጠየቀ። ስም አልወጣላትም ነበር።

ከመስቀል በኋላ አብነት ተመለሱ፤ ሽንት ቤቱ የሚቀመጡበት ወንበር ተሠርቶለት ነበር። አሁን ከዘራ ይዘው ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። በጉልበታቸው መንበርከክ ግን ተከልክለዋል። ሰው ሲሰግድ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ከሕመሙ ሁሉ ይሄ እንደሚከብዳቸው ነግረውኛል።

ያልተሠራው የግራ ጉልበታቸውም አልቋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አጠገቤ እየተራመዱ፣ «አንቺ የምታጥፊልኝ ከሆነ አሠራዋለሁ» አሉኝ።

«አጥፍልዎታለሁ» አልኳቸው።