የታጣፊዋ ስልክ ግምገማ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ትልቅ ነገር ስለሆነ አይደለም። በሕይወቴ ከሰጠኋቸው አስተያየቶች ሁሉ በደንብ የተሰማልኝ ያ ብቻ ስለሆነ ነው። የሰማው ደግሞ እንዲሰማው ያልፈለግኩት ሰው ነበር።

ማርቆስ እዚሁ ሐዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ለሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ ነው። እኔ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅኩ ቆየሁ። አሁን ቤቴ ተቀምጬ ለጋዜጣ እጽፋለሁ፤ በአብዛኛው ሰው የወደደውን እየነቀፍኩ። እሱ እዚያው ነው። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር የስብሰባውን ሁሉ ቃለ ጉባዔ የሚይዘው እሱ ነበር። ኃላፊዎች ተለዋወጡ፣ ያ ጽሑፍ ግን ያው ነበር።

አንድ ቅዳሜ "አሞራ ገደል ዓሣ ልጋብዝህ" ብሎ ጠራኝ። ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ቤት ስደርስ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት አዲስ ታጣፊ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

"ፕሮፌሰሩ፣ እስቲ ገምግማት" አለኝ። ፕሮፌሰር አይደለሁም። መጽሐፍ ስለማበዛ ለማሾፍ ያወጣልኝ ስም ነው።

"የማን ናት?"

"የኔ ናታ! መሃል ከተማ ገዛኋት። ያኛውን ስማርት ስልኬን ለልጄ ሰጠሁት።"

"ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ?"

"ሰው በሄደበት አትሂዱ እያልክ የምትጽፈው አንተ አይደለህ እንዴ?"

በመንግሥት ቢሮ የኖረ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ጠንካራ ጎን ይነገራል፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን፤ እውነተኛው ግምገማ የሚካሄደው ግን ተገምጋሚው ከወጣ በኋላ ነው። እኔም በወጉ ጀመርኩ። ጠንካራ ጎን፦ ታምራለች። ስክሪኗ ባለ ቀለም ነው፤ ስትከፈት የፏፏቴ ሥዕል ይመጣል። ቁልፎቿ ትልልቅ ናቸው። ስትታጠፍ ቀጭ ትላለች፣ ንግግሩም እዚያው ያበቃል። ደካማ ጎን፦ ካሜራዋ ሰውን ከግድግዳ አይለይም። የባሰው ደግሞ፣ ለሙከራ ከኔ ስልክ በአማርኛ "ሰላም ነው?" ብዬ ብልክባት ፊደሉን አላወቀችውም። ባዶ ሳጥን ደረደረች።

"አማርኛ አታነብም" አልኩት።

"ባታነብስ? ማን ይጽፍልኛል ብለህ ነው።"

"አጠቃላይ ውጤቱን አስቤበት እነግርሃለሁ" አልኩና ወደ ምግቡ ዞርኩ።

አንድ ያልገመገምኩት ነገር ነበር። ማርቆስ የዓሣ ሾርባ ሳይጠጣ ከአሞራ ገደል የተመለሰበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያን ዕለት ግን "ጠግቤያለሁ" ብሎ ሾርባውን ወደ እኔ ገፋው። የገፋው በግራ እጁ ነው። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ነበረች። እኔ ሁለት ሾርባ ጠጣሁ፤ ደስም አለኝ።

በማግስቱ ከቸርች ሲመለስ ደወለ። "እህስ፣ ውጤቴ?"

"ግሩም ስልክ ናት። ትመጥንሃለች" አልኩት። ተሰነባበትን። የመዝጊያውን ምልክት ነካሁና ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። እኔ ነክቼዋለሁ፤ ስልኬ ግን መነካቱን አላወቀም። ማርቆስም ገና አልዘጋም ነበር።

ባለቤቴ አልማዝ ምሳ እያቀራረበች "ማን ነው?" አለችኝ።

"ማርቆስ ነዋ። በዚህ ዕድሜው ዘናጭ ሆኖልሻል። ቀጭ የምትል ታጣፊ ስልክ ገዝቶ አድንቁልኝ ይላል። ድሮም ላዩን ማሳመር ነው የሚያውቀው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ ነገር በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ሲጽፍ የኖረ ሰው..."

አልማዝ ሶፋውን አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አንተ ሰውዬ፣ ስልኩ አልተዘጋም እኮ!"

አነሳሁት። ሰከንዱ ይቆጥራል። "ማርቆስ?" አልኩ። ከዚያ ቀጭ አለ።

በአማርኛችን ስልክም ይዘጋል፣ ሰውም ይዘጋል። ማርቆስ ስልኩንም እኔንም ዘጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብደውል አያነሳም። በመጨረሻ ረጅም የይቅርታ መልእክት ጻፍኩለት። ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሳጥኖቹ ትዝ ያሉኝ ከላክሁት በኋላ ነው።

ስለዚህ እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ቤቱ ድረስ መሄድ ግድ ሆነ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

"ሳጥን ላክህልኝ" አለ ቆሞ እያየኝ። "አንድ ካርቶን የሚሞላ ሳጥን። ስድብ ይሁን ይቅርታ እንዴት ልወቅ?"

"ይቅርታ ነው።"

"ለይቅርታ በዝቷል። ግባ።"

ውሃ ሊቀዳልኝ ማንቆርቆሪያ አነሳ። ቀኝ እጁን ያየኋት ያኔ ነው። ትንቀጠቀጣለች። ከብርጭቆው ይልቅ ጠረጴዛው ጠጣ።

"ዓመት ሊሆነኝ ነው" አለ። "ሐኪሙ እየባሰ ይሄዳል ብሎኛል። ያኛው ስልክ ጣቴን አያውቀውም፤ ለአንድ ሰው ልደውል ስል ለሦስት ይደውላል። ይቺ ግን ቁልፏን እስክጫን ትጠብቀኛለች። ለመዝጋት ደግሞ ጣት አያስፈልግም፤ በመዳፌ እጠፍ ማድረግ ነው።"

"ለምን ያኔ አልነገርከኝም?"

"የጋበዝኩህ ልነግርህ አይደል! ለምን ገዛሃት ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ ካሜራዋ ምናምን ትለኛለህ።"

በግምገማ ወግ ያጠፋ ሰው ይነሳና ራሱን ይወቅሳል፤ ግለ ሂስ ይባላል። እኔም "ግለ ሂስ ላቀርብ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ እጁ ይብስበታል። "በጽሑፍ አቅርበው" አለኝ። "ከእንግዲህ ቃለ ጉባዔ የሚይዝልህ የለም።"

አሁን ታርቀናል። አሞራ ገደል ስንሄድ ሾርባውን በትልቅ ኩባያ፣ ግማሽ ብቻ አድርገው ያመጡለታል። ስንደዋወል የሱ ስልክ ቀጭ እስክትል እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው አላማም ብል ውሸት ነው፤ ዕድሜዬም ለመለወጥ አይመችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ ነገር አሳምሮ ሲጽፍ የኖረው ከሁለታችን የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በጽሑፍ አቅርበው ባለኝ መሠረት ይኸው አቅርቤያለሁ። ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ ራሱን አያጣውም። በጋዜጣ ያደረግኩት የሱ ስልክ አማርኛ ስለማታነብ ነው።