ሳይሞቅ ሊሰማው የነበረው ማሽን

ድንጋይ ብረት ሲነካ የሚወጣው ሽታ፣ ገና እንደተጫረ ክብሪት ያለው፣ ዛሬም አፍንጫዬ ሲደርስ ያ ሐሙስ ይመጣብኛል። ከወንድሜ ጋር የመጨረሻዋ ደህና ቀናችን ነበረች። ከየት እንደምጀምርልህ አላውቅም። እንደመጣልኝ ልንገርህ።

ታላቅ ወንድሜ ደሴ ከተማ አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ ሙያ የተማረ ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣን በኋላ ግን ሥራው መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት መንዳት ሆነ። የራሱን የብረት ሥራ ማሽን ሾፕ ለመክፈት ስድስት ዓመት አጠራቀመ። የቀረው ሰርፌስ ግራይንደር ነበር፤ በሚሽከረከር ድንጋይ የብረትን ፊት እየፋቀ ለጥ የሚያደርግ ማሽን። አዲስ ይግዛ ወይስ ያገለገለ? አዲሱ ዋስትና አለው፤ ግን ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው። ያገለገለው ከባድ ነው፣ አይነቃነቅም፤ ውስጡን ግን ማን ያውቃል። ቢሳሳት ሁለተኛ የሚገዛበት አልነበረውም።

ያገለገለውን የሚሸጡት ጋሃና የምትባል ከተማ አጠገብ ሾፕ ያላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተዘጋጁ ያገራችን ሰው ነበሩ። ስንገባ ወንድሜ ሰላምታ ሰጠና መዳፉን ማሽኑ ላይ አሳረፈ። 

"ምነው፣ ትኩሳቱን ትለካለህ እንዴ?" አሉት።

"ጋሼ፣ ቅድም አስነስተውት ነበር?"

"ከጠዋት ጀምሮ! እንግዳ ሲመጣ ቤት አይሞቅም?"

ወንድሜ ሳቀ። "የሞቀ ማሽን ሕመሙን ይደብቃል ጋሼ። ነገ ጠዋት ልምጣና ሳይሞቅ ልስማው።"

"ማሽን ነው የምትገዛው ሚስት ነው የምታጨው?"

"ሚስትማ ብትሆን ሽማግሌ እልክ ነበር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቁራጭ ብረትና ማርከር ሰጠኝ። "ስምህን ጻፍበት" አለኝ። ጻፍኩ። ብረቱን የማሽኑ ማግኔት ላይ አጣብቆ ድንጋዩን ቀስ በቀስ አወረደ። እጀታውን ሲያዞር ጣቶቹ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም ነበር። ብረቱ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ብልጭታ እንኳ አልታየም። ስሜ ግን የለም። ቀለሙን ብቻ ወስዶ ብረቱን ትቶታል።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዴት እንደዚያ ይሆናል? ያ ሁሉ ክብደት፣ ያ የሚሽከረከር ድንጋይ፣ ከቀለም በታች ሳይወርድ?

"አሁን ደግሞ እይ" አለና እጀታውን በጣም ጥቂት አዞረው። እንደ ክር የቀጠነ የእሳት መስመር ወጣ። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ወርቅ ይመስል ነበር። ብረቱን ሲያነሳልኝ መስኮቱ ራሱ በብረቱ ፊት ላይ ብዥ ብሎ ታየ። የወንድሜን እጆች አየሁ። ስድስት ዓመት ካርቶን የጫኑት እነዚህ ናቸው? አብሬው ኖሬ አላውቀውም ነበር።

"ነገ ስትሰማውስ ምን ብሎ ነው የሚነግርህ?" አልኩት።

"ነገ አብረን እንሰማለን። አሁን ሙቅ ነው፣ ምኑን ላሳይህ።"

በዚያው ማታ ከሥራ ሺፍቱ ሲመለስ መኪና ገጭቶ ገደለው። 

ጠዋት ፎረስት ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ኪሴ ውስጥ ያለው የእሱ ስልክ ጮኸ። "ና እንጂ ልጄ፣ አልነካሁትም፣ እንደቀዘቀዘ ነው" አሉ ሽማግሌው። በስልክ መንገር አቃተኝ። ተነስቼ ነዳሁ።

በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። "ኢንና ሊላሂ" ብለው ግድግዳውን ያዙ። ከዚያ፣ "ታዲያ ለምን መጣህ ልጄ?" አሉኝ።

"ልስማለት።"

አስነሱት። መጀመሪያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ያለ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ረጋ። ያ ጤና ይሁን ሕመም አላወቅኩም።

"እስቲ ያጥፉትና እንደገና" አልኳቸው።

"የመጀመሪያው ድምፅ አንዴ ነው ልጄ። አሁንማ ተነሳ።"

አጠፉት። እገዛለሁ አልገዛም ብለው አልጠየቁኝም። ካፖርታቸውን ደረቡ፣ ሾፑን ቆለፉ። "ወደ ለቅሶው ምራኝ" አሉኝ። እየነዳሁ በመስታወቱ ስመለከት፣ አሮጌ ፒካፓቸው እስከ በራችን ድረስ ከኋላዬ አልጠፋም።