ፀሐይ ለክቼ የታሰርኩ ጊዜ

ከመሰላ ከተማ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ የፀሐይ ብርሃን ስለካ ያዙኝ። የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ፤ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ የሚተከልበትን ቦታ በሚያጠና ቢሮ ነው። ለዚህ ሥራ መመደቤን የሚገልጸውን የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ጭሮ ከተማ፣ ቢሮው ውስጥ ትቼው ወጥቻለሁ። ሁለት ታጣቂዎች መለኪያዬን አገላብጠው አዩና፣ "ተነሺ" አሉኝ።

የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነው። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ይግላል፤ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ኬላ ላይ ከጠባቂ ጋር ተጣልተው የገቡ አንዲት የገለምሶ ጫት ነጋዴ ሰብሰብ ብለው ከፍራሻቸው አካፈሉኝ።

"ምን አድርገሽ ነው?"

"ፀሐይ ለክቼ ነው፣ እማማ።"

"አቦ፣ ፀሐይም ባለቤት አላት እንዴ?"

ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

መርማሪው ደብተሬን ገልጦ በየሰዓቱ የመዘገብኳቸውን ቁጥሮች በጣቱ ይከተላል። "ይሄ የማን ስልክ ነው?" ይለኛል። የብርሃን መጠን ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም።

በአራተኛው ቀን የቢሮው ኃላፊ ደብዳቤዬን ይዞ መጣ። መርማሪው አንብቦ ሲጨርስ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ፤ "የተከለከለ ቦታ ስለካ ተይዣለሁ" ይላል።

"ፈርሚና ሂጂ።"

በሩ ክፍት ነበር። ኃላፊው በዓይኑ ፈርሚ አለኝ። እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

"የለካሁት ብርሃን ነው። እሱ ይጻፍና እፈርማለሁ።"

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። የሆነውን ስነግራቸው ሴትዮዋ ፍራሹን እንደገና አነጠፉልኝ። "ያላደረግሽውን አለመፈረምሽ ደግ ነው ልጄ" አሉኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሞኝነቴን ስረግም ዋልኩ።

በማግስቱ ተጠራሁ። ወረቀቱ ላይ "የተከለከለ ቦታ" የሚለው ተሰርዞ በላዩ "የፀሐይ ብርሃን" ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ፈረምኩ። ልሰናበታቸው ስመለስ ሴትዮዋ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ዛሬ ጭሮ ከተማ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተግባር ልምምድ መመሪያ ሲረቀቅ አስተያየት ተጠይቄ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፤ ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ደብዳቤው ወረዳውና ቀበሌው ይድረስ የምትል። ለምን እንዳስፈለገች ጠየቁኝ። "ትጠቅማለች" አልኩ።

ባለፈው ሳምንት አራት ተማሪዎች ብርሃን እንዲለኩ ወደ አሰቦት ላክሁ። አመሻሽ ላይ ፊታቸው ተልጦ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ምሳው እያማረሩ ተመለሱ። ምሬታቸውን እስከ መጨረሻው በደስታ ሰማኋቸው።