አባቴ ያለበት ስፒከር

ስፒከር ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያናድደኛል። ለምን እንደሚያናድደኝ ባለቤቴ ደጋግሞ ጠይቆኛል፤ እሱ ራሱ አንዱ ጠያቂ ስለሆነ መልስ አልሰጠሁትም። ሰው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ይወጣል፣ ሳሎኔ ውስጥ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ረጃጅም የዋንዛ ሳጥኖች ያያል፣ በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ «በስንት ገዛሻቸው?» ይላል። «እስቲ አሰሚን» ብሎ የሚጀምር አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ዋጋቸውን እንዴት እንዳወቅሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው አቃቂ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሽመና ማሽን አጠገብ ነው። ማሽኑ ልጆቹን አሳደገለት፤ በምትኩ ጆሮውን ወሰደ። ሐኪሙ እንደነገረን የሄደበት ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፦ የወፍ ድምፅ፣ የሕፃን ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ። ወፍራም ወፍራሙ ጥቂት ቀርቶለታል። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ገዝተንለት ነበር። «ጆሮዬ ውስጥ ትንኝ አታስገቡብኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ይህ ሰው በወጣትነቱ በፋብሪካው ሠራተኞች የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ቡድኑ ከተበተነ ቆይቷል፣ ጊታሩም የት እንደገባ አይታወቅም። የቀረው አንድ ካሴት ነው። እሱን ወደ ስልኬ አስገለበጥኩና ለበዓል በተሰበሰብን ቁጥር እከፍትለት ጀመር። በስልክ አሰማሁት። በቴሌቪዥን አሰማሁት። ባለቤቴ በገዛት፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም በምትል ትንሽ ስፒከርም አሰማሁት። ሳክስፎኑ ይጮኻል፣ ድራሙ ይንኳኳል፣ ዘፋኙ ይዘፍናል። አባቴ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና ራሱን ይነቀንቃል።

«እኔ የለሁበትም» ይላል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። «እነሱ ሁሉም አሉ፤ እኔን ብቻ ቀብረውኛል» እያለ ያስቀን ነበር። አንድ ፋሲካ ግን ሳይስቅ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋው። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ይህን ነገር አታሰሚኝ። ምናልባት ያኔም አልነበርኩበት ይሆናል» አለ። አንጀቴን በላው። ሰው እንዴት የራሱን ወጣትነት ይጠራጠራል?

እውነቱን ለመናገር እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ትንንሹ ስፒከር ያንን የታችኛውን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ስፒከር ፍለጋ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ሻጩ የፈረንጅ ዘፈን ከፈተና «እንደ ክሪስታል ነው አይደል?» አለኝ። ነው። ስልኬን አውጥቼ የአባቴን ካሴት ላሰማው ስል ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይሄማ ይንኮሻኮሻል እህቴ፣ ስፒከሩን ያሰድብብኛል» አለ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቀየምኩትም። ውሸቴን ነው፣ በጣም ተቀይሜዋለሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሰው ከቃሊቲ መጋዘኖች ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ለሌላው አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ልቡ ያለው ግን ስፒከር ላይ ነው። ጥንድ ጥንድ እያደረገ በእጁ ይሠራቸዋል፣ አንዱ ጥንድ ከሌላው አይመሳሰልም። ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት «ምን ልትሰሚበት ነው?» አለኝ። ወደድኩት። ካሴቱን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ቤዙ አለ፤ ታች ተኝቷል። እሱን ለመቀስቀስ ትልቅ ሳጥን ያስፈልጋል» አለ። የሳጥኑን ቁመት ሳልጠይቅ «ሥራው» አልኩት። ይቺ አለመጠየቄ ኋላ ጉድ አመጣች።

ከሥራ ስመለስ ታክሲ ሳልቀይር በፊት እሱ ጋ ጎራ ማለት ልማዴ ሆነ። ሰጋቱራው ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ጣውላውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጉንጩን አስደግፎ ያዳምጣል፣ ፊቱን ካጨማደደ እንጨቱ ወደ ጎን ይጣላል። ሐብሐብ የምትመርጥ እናቴን ያስታውሰኝ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብሎ «አባትሽ ካልሰሙበት መልሺልኝ፣ ቅር አይለኝም» አለኝ። እኔን ግን ቅር ይለኝ ነበር፤ አባቴን በስንት ልመና «ለመጨረሻ ጊዜ» አሰኝቼዋለሁና። ይህም ካልሆነ ካሴቱን መልሼ ላልከፍትለት ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሊመጣ ተስማማን። እሱ ሳይሰማ እኔ ቀድሜ ላልሰማም ማልኩ።

ስፒከሮቹ የመጡት ዓርብ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ሊፍት የለንም። ባለቤቴና ሠሪው ሁለቱን ሳጥን በየተራ ጋቢ አልብሰው በደረጃው ይዘው ወጡ። ሠሪው እንዳይጫርበት ሰግቶ «ጭንቅላቱን ቀና አድርገው! እግሩን ቀስ!» እያለ ይጮኻል። የብሎካችን ዕድር ሰብሳቢ የሆነችው ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ጋቢ የለበሰ፣ ሰው የሚያህል፣ የተወለወለ ሣጥን በፊቷ አለፈ። «ውይ ልጄ! ለማን ነው?» አለችው ባለቤቴን።

«ለአባቷ ነው» አላት። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ስለነበር ሌላ አልጨመረበትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ የቅዳሜን ደስታ እያሰብኩ ሳለሁ ብሎኩ በሙሉ አባቴን ቀብሮታል። አንዱ ሣጥን የአባቴ ከሆነ ሁለተኛው የማን ነው በሚለው ላይ ብቻ ስምምነት ጠፍቶ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ።

ማታ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። ጥብስ ቀረበ። «ብዪ የኔ ልጅ፣ በደንብ ብዪ፣ ሰው ነገውን አያውቅም» አለችኝ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ የሚረዳ ሰው በዋዜማው ጠግቦ ይብላ፣ ተኝቶም ይደር ነው የአገሩ ወግ። ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን በራስ ይደርሳል ብሎ ማን ያስባል? ስፒከሬን አይተው ደስ ብሏቸው ይሆናል ብዬ በላሁ። እንዲያውም ደገምኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ባለቤቴ አባቴን ሊያመጣ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ደረጃው ከላይ እስከ ታች በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ሽማግሌ ከፊት፣ ጎረቤቴ ከጎናቸው። የማታው ጥብስ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። «አባቴን!» ብዬ ወደቅሁ። እነሱም ይህንኑ ሲጠብቁ የቆዩ ናቸውና ለቅሶው ቀለጠ።

በለቅሶው መሀል አባቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ድሮም ጥሪውን እንደማይሰማው አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ማወቄ አልጠቀመኝም። ባለቤቴ ጋ ስደውል ስልኩ እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ ጮኸ። ይህን ሁሉ ቀልድ አድርጌ ነው የማወራው፤ ያቺን ሰዓት ግን ለጠላቴም አልመኛትም።

ለቅሶው ሰፈሩን ሲያናውጥ አንድ ሰው ብቻ አልሰማውም። አባቴ ደረጃውን እየረገመ ወጣና ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰዉን አየ። መሬት ላይ የተዘረጋሁትን እኔን አየ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይጠይቃል፤ አባቴም ባርኔጣውን አውልቆ ምርር ብሎ ማልቀስ ጀመረ። የሌላው ለቅሶ አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻ የሚያለቅሰው እሱ ብቻ ሆነ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ እንባውን እየጠረገ።

ጎረቤቴ እንደ ሰብሳቢነቷ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እርስዎ ነዎት!» አለችው።

«ማን?»

«እርስዎ!»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እኔ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ እስካሁን አላውቅም። ከአባቴ ኋላ የደረሰው ባለቤቴ ነገሩ ሲገባው ሮጦ ጋቢዎቹን ከሣጥኖቹ ላይ ገፈፈ። ጎረቤቴ ሣጥኖቹን አየች፣ አንዱን በጣቷ አንኳኳች፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቋን ለቀቀችው። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ከመጣን አይቀር ብለው የቻሉት ሶፋው ላይ፣ የቀሩት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አባቴን በሁለቱ ሣጥኖች መሀል፣ ፊት ለፊት አስቀመጥነው።

ስልኬን ከስፒከሮቹ ጋር አገናኘሁ። ሌላው ይስቃል፤ እኔ ግን ያቺን የራስ ንቅናቄ እየፈራሁ ነበር። ከፈትኩት። ሳክስፎኑ ገባ፣ ድራሙ ገባ። ቀጥሎ ከጆሮዬ በፊት እግሬ የሰማው ነገር መጣ። ከሁሉም በታች የሚራመድ፣ የማይቸኩል፣ ወፍራም ድምፅ። ስንት ዓመት የማውቀው ዘፈን መሠረት እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ።

አባቴ መጀመሪያ ወለሉን አየ። ከዚያ ሣጥኖቹን አየ። ራሱን አልነቀነቀም። ከዘራውን ቀስ ብሎ አግድም ጭኑ ላይ አጋደመውና የግራ እጁ ጣቶች እንጨቱ ላይ መራመድ ጀመሩ። ሰማህ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ምናልባት በልቡ የሚያውቀውን እየደገመ ይሆናል፤ ምናልባት የሚሰማው ድራሙን ብቻ ይሆናል።

ድንገት ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ፣ «አሁን ልሳሳት ነው።»

መጣ። አንዲት ድምፅ፣ መሆን ከሌለባት ቦታ ሾልካ ወጣች፤ ደንግጣም ሮጣ ከጓደኞቿ ተቀላቀለች። ያን ካሴት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እሷን ግን ሰምቻት አላውቅም።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ይኸው እኔ!»

ጎረቤቴ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች እልልታዋን አቀለጠችው፣ ደረጃው ላይ የቀሩትም ምን እንደሆነ ሳያዩ ተቀበሏት። አባቴ ግን ፊቱን ወደኔ አዙሮ በእጁ ዝም በሉ አለ።

«መልሺልኝ» አለኝ።

«ከመጀመሪያው?»

«አይ» አለ፣ ከዘራውን እያመቻቸ፤ «ከተሳሳትኩበት።»